ሀዋሳ ላይ በካርድ ክፍያ ለምትቀበሉ፦ አንዲት የካርድ መረጃ ጥበቃ ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ሰላም የሀዋሳ ሰዎች። በተለይ ሆቴል ወይም ሪዞርት ኖሯችሁ ከውጭ እንግዶች በቪዛና በማስተርካርድ የምትቀበሉ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

እኔ ሐይቁ አጠገብ ባለ አንድ መካከለኛ ሆቴል የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከወራት በፊት ባንካችን የፒሲአይ ዲኤስኤስ መጠይቅ ላከልን። እነ ቪዛና ማስተርካርድ የመሠረቱት ምክር ቤት የሚያወጣው የካርድ መረጃ ጥበቃ ደንብ ነው። መጠይቁ ስለ ሎግ አጥብቆ ይጠይቃል። ሎግ ማለት ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ማሽን ገብቶ ምን እንደነካ ሲስተሙ የሚይዘው መዝገብ ነው። እኛ ጋ ሎግ አለ። የሚያየው ሰው ግን አልነበረም።

በዚያው ሰሞን አንድ ጣጣ ገጠመን። ለአንድ እንግዳ ገንዘብ ተመላሽ ተደርጓል፣ ሎጉ ላይ ሰዓቱ 15:10 ይላል፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ10 መሆኑ ነው። የቀን ሺፍት ላይ የነበረችው ልጅ "እኔ አልነካሁም" አለች። የቀኑን ደረሰኝ ሁሉ ብናገላብጥ የለም። ሪሴፕሽን ያሉት በሙሉ የሚገቡት በአንድ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ስለሆነ ሎጉ "ሪሴፕሽን" ከማለት ውጪ የሰው ስም አያወጣም። ልጅቷ ሦስት ቀን ስታለቅስ ከረመች። እኔም ተጠራጥሬያታለሁ፣ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ባለሙያዋ የመጣችው ለመጠይቁ ነበር። ነገሩን ስንነግራት "መጀመሪያ የሰርቨሩን ሰዓት አሳዩኝ" አለች፣ ሎጉ የሚመዘገብበትን ዋና ኮምፒውተር ማለቷ ነው። ቀጥላ የሌሊቱን ሺፍት የደረሰኝ እሽግ አስመጣች። አንድ በአንድ ስታይ ቆይታ አንዷን ስሊፕ መዝዛ ስክሪኑ ላይ አስጠጋቻት። ያው ብር፣ ያው የመጨረሻ 4 ቁጥር። ሰዓቱ 18:10። ልክ ሦስት ሰዓት ልዩነት! ሰርቨሩ ለካ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፣ ካርድ የሚነበብበትና ስሊፕ የሚወጣበት ፖስ ማሽን ደግሞ በኛ። ተመላሹን የሠራው ከምሽቱ 12 ሰዓት የገባው የሌሊት ሠራተኛ ነው፣ እንግዳው የፈረመበት ወረቀትም አብሮ ተያይዟል። ማንም አልሰረቀም።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ማሽን ከአንድ የሰዓት ምንጭ አገናኘች። ደንቡም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ዩዘርኔም ወጣለት። ሎጋችን በ2 ሳምንት በላዩ ላይ እየተጻፈ ይጠፋ ነበር፣ ደንቡ ግን ቢያንስ 12 ወር ይቀመጥ፣ የቅርቡ 3 ወር ደግሞ ወዲያው የሚገኝ ይሁን ይላል። ስለዚህ ኮፒው ወደ ሌላ ማሽን እንዲሄድ አደረገች፣ እዚያ የሆቴሉ አይቲም ሆነ ሥራ አስኪያጁ መሰረዝ አይችሉም። በየቀኑ ሲስተሙ ራሱ ሎጉን እየፈተሸ አጠራጣሪ ነገር ካየ ያሳውቀናል።

በጣም የደነገጥኩት ግን በሌላ ነው። የክፍል ማስያዣ ሶፍትዌራችን ሎግ ውስጥ የእንግዶች ሙሉ የካርድ ቁጥር፣ 16ቱም አሃዝ፣ እንዳለ ተጽፎ ተገኘ። አንድ ሰው ሲጠግነው ዝርዝር መመዝገቢያውን ከፍቶ ረስቶት ነው የሄደው። እሷ ይህን እንዳየች ስክሪኑን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ፎቶ አንስቼ ሶፍትዌሩን ለሸጡልን ሰዎች በቴሌግራም ልላክላቸው ስል እጄን ያዘችኝ፣ "አሁን ያንቺም ስልክ የካርድ መረጃ ሊይዝ ነው" አለች። ከሻጮቹ ጋር ተነጋግራ ዝርዝር መመዝገቢያውን አዘጋችው፣ የቆየውንም አጸዳችው። ሪሴፕሽን ደብተር ላይ ይጻፍ የነበረውን ከካርዱ ጀርባ ያለ ሦስት አሃዝም እዚያው አስቆመች። ክፍያው ካለፈ በኋላ ያ ቁጥር ወረቀት ላይም መቀመጥ የለበትም።

ደስ ያለኝ ሌላው ነገር አለማጋነኗ ነው። "ሰርተፊኬት የምሰጠው እኔ አይደለሁም፣ መጠይቁን በእውነት የምትሞሉት እናንተ ናችሁ" ብላ ገና ከመጀመሪያው ነገረችን። ዋጋዋን ሥራ ሳትጀምር በጽሁፍ ሰጠችን፣ በመጨረሻም አንድ ብር አልጨመረችም። ውድ ሲስተም ግዙ አላለችንም፣ ባለን ማሽን ነው የሠራችው።

ስሟን አደባባይ ላይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትደውሉላት የሶፍትዌራችሁን ውልና የፖስ ማሽኖቻችሁን ዝርዝር አዘጋጁ፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያቺ ልጅ ዛሬም ቀን ሺፍት ላይ ናት። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቆማ "ሰላም በይልኝ" ብላለች።