ቦይለሬ ላይ ታይመር ካስገባሁ 8 ወር ሆነኝ

ቦይለራችን 50 ሊትር ይይዛል፤ 1500 ዋት ይስባል። ድሮ እንደተሰካ ይውላል፣ እንደተሰካ ያድራል። ሌሊት ሁሉም ሰው ተኝቶ «ጠቅ» ይላል፤ ቀይዋ መብራት ትበራለች፤ ውሃው ለማንም ሳይሆን ይሞቃል። ታይመሩን፣ ማለትም ቦይለሩን በመረጥኩት ሰዓት ብቻ የሚያበራውን መሣሪያ፣ ያስገዛችኝ ያቺ ድምፅ ናት።

የመረጥኩት ሜካኒካሉን ነው። ክብ ነው፤ ዙሪያውን 96 ጥርስ አለው፤ አንዱ ጥርስ 15 ደቂቃ። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በእኔ ቦይለር ይሄ ከአንድ ሰዓት ተኩል ትንሽ ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ ንጋት ላይ 7 ጥርስ፣ ማታ ደግሞ 4 ጥርስ ተጭኜ ተውኩት።

ቆጠበ ወይ? አዎ፣ ግን ግማሽ በግማሽ ይቀንሳል ብላችሁ አትጠብቁ። የምትታጠቡበት ውሃ ታይመር ኖረም አልኖረም መሞቁ አይቀርም። የሚተርፈው ውሃው ዝም ብሎ ተቀምጦ በጋኑ ግድግዳ የሚያባክነው ሙቀት ብቻ ነው። የእኔ ቦይለር አሮጌ ነው፤ ጎኑን ስትነኩት ለብ ይላል። ለዚህ ነው ቆጣሪው ላይ ልዩነቱ የታየኝ። ሽፋኑ ወፍራም የሆነ አዲስ ቦይለር ያለው ሰው ያን ያህል ላያተርፍ ይችላል።

መጀመሪያ የገዛሁት 10 አምፔር የሚል ርካሽ ነገር ነበር። በ220 ቮልት ቦይለሩ 7 አምፔር ገደማ ስለሚስብ ይበቃል ብዬ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ፕላስቲኩ መሽተት ጀመረ። ነቅዬ ሳየው የሶኬቱ ቀዳዳ ዙሪያ ቡናማ ሆኗል። አሁን ያለው 16 አምፔር ነው፤ ሲሠራ እጄን አስደግፌበት አውቃለሁ፣ አይግልም።

ትልቁ ድክመቱ መብራት ሲጠፋ አብሮ መቆሙ ነው። ሌሊት ለሁለት ሰዓት ያህል ጠፍቶ ከመጣ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ያሞቃል። ይህን ያወቅኩት ፀጉሬ ላይ ሳሙና እንዳለ ነው። ባትሪ ያለው ዲጂታሉ ይሄ ችግር የለበትም።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ ለቁጠባ ብሎ ቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) 45 ዲግሪ ላይ ያወርዳል። እኔ 60 ላይ ነው የተውኩት። ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ የሚወደው ለብ ያለ ውሃ ነውና እዚህ ላይ አልሰስትም።

እንግዳ ሲመጣ በታይመሩ ጎን ያለችውን ማብሪያ ገፋ አድርጌ ያለማቋረጥ እንዲበራ አደርገዋለሁ። መመለሱን ግን እረሳለሁ። ባለፈው እንግዶቹ ከሄዱ ከ4 ቀን በኋላ፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ «ጠቅ» አለ።