ከተኛ ልጅ አጠገብ ያየሁት ፊልም፤ «ክሬመር ቨርሰስ ክሬመር»

ባለቤቴ ለትምህርት ባሕር ዳር ከሄደች ሁለት ወሯ ነው። እኔና የስድስት ዓመት ልጃችን ደብረ ማርቆስ ቀርተናል። የምሠራው ባንክ ነው። ሰኔ ደግሞ ሒሳብ የሚዘጋበት ወር ስለሆነ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በፊት አልወጣም። ልጁን ከትምህርት ቤት የሚቀበሉልኝ ጎረቤታችን እማማ ናቸው። ቅዳሜ ማታ እሱን አስተኝቼ ጓደኛዬ በፍላሽ የሰጠኝን ይህን ፊልም ከፈትኩ።

ሮበርት ቤንተን ያዘጋጀው፣ በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣ ፊልም ነው። አምስት ኦስካር ወስዷል። ቴድ ክሬመር (ደስቲን ሆፍማን) ኒው ዮርክ ውስጥ የማስታወቂያ ድርጅት ሠራተኛ ነው። ትልቅ ሥራ በተሰጠው ቀን እየፈነደቀ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ጆአና (ሜሪል ስትሪፕ) ልትሄድ ተነስታለች። ጥላው ወጣች። ትንሹ ቢሊ ከአባቱ ጋር ቀረ።

በማግስቱ አባት ቁርስ ሊሠራ ይነሳል። ዳቦ በእንቁላል ነክሮ መጥበስ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። እንቁላሉን ኩባያ ውስጥ ይሰብራል። ዳቦው አልገባ ሲለው አጥፎ ይጠቀጥቀዋል። ልጁ የተቆራረሰ ዳቦ እንደማይወድ ይናገራል። ከዚያ መጥበሻው እጁን ያቃጥለዋል።

እዚህ ላይ ፊልሙን አቆምኩት። ባለቤቴ በሄደች ማግስት እኛም ቤት እንዲሁ ነበር። ቂጣ ፍርፍር ልሥራ ብዬ አሳረርኩት። ልጄ «አባዬ፣ እማዬ እኮ ቅቤውን ቀድማ ነው የምታቀልጠው» አለኝ። ስምንት ዓመት በትዳር ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር።

የቴድ አለቃ ልጁን ለጊዜው ዘመድ ጋ እንዲልከው ይመክረዋል። እኔንም «አያቱ ጋ ደጀን ስደደው» ያለኝ ሰው አለ። በክፋት አልነበረም። ቴድ እምቢ ይላል። ሥራ ላይ ይዘገያል፣ ቀጠሮ ያመልጠዋል፣ በመጨረሻም ይባረራል። ጆአና ተመልሳ ስትከስሰው ልጁን በፍርድ ቤት እንዳይነጠቅ ብሎ ከገና በዓል በፊት በአንድ ቀን ሥራ ሲፈልግ፣ የቀድሞውን የማያህል ደመወዝ ሲቀበል እጄን ጨብጬ ነው ያየሁት። ቢሊ ከመጫወቻው ወድቆ ፊቱ ሲደማ ግን አልቻልኩም። አባትየው ልጁን ታቅፎ በመኪና መሐል ይሮጣል። ተነስቼ የልጄን ብርድ ልብስ አስተካከልኩ።

ቅር ያለኝ በእናቲቱ ነው። ጆአናን ለረጅም ጊዜ አናያትም፤ ምን እንዳስመረራት የምንሰማው ፍርድ ቤት ስትቆም ነው። ያን የፍርድ ቤት ንግግር ሜሪል ስትሪፕ ራሷ ናት እንደገና የጻፈችው። የሴትዮዋ ሕመም የገባኝም እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ፈርጄባት ነበር።

ፊልሙ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። አንድ የእርቃን ትዕይንት ስላለው ልጅ ተኝቶ ይታይ። መጨረሻውን አልነግራችሁም። ሁለተኛዋን የዳቦና የእንቁላል ጠዋት ብቻ በደንብ እዩልኝ፤ አባትና ልጅ ቃል አይለዋወጡም።

ባለቤቴ ለሐምሌ ስትመጣ አብረን እናየዋለን። ስለ ጆአና የምትለውን መስማት እፈልጋለሁ።