የቶዮታ ቢዜድ ፎር ኤክስ ግምገማ፦ ስሙ በጎንደር መንገድ ላይ ምን ያህል ይሸከማል?

ጎንደር ውስጥ መኪና ወዳዶች በተሰበሰቡበት ሁሉ፣ ከፒያሳ ቡና ቤቶች እስከ አዘዞ ጋራዦች ድረስ፣ አሁን የሚነሣው ክርክር ቶዮታ በኤሌክትሪክ መኪናውም እንደ ቀድሞው ሊታመን ይችላል ወይ የሚል ነው። ክርክሩን ያመጣችው ቢዜድ ፎር ኤክስ ናት። መኪናዋን ከኩባንያው አካሄድ ነጥሎ መመዘን ስለማይቻል ስለ ሁለቱም በአንድነት እጽፋለሁ፤ ሐሳቤንም አስቀድሜ እናገራለሁ። መኪናዋ በደንብ የተሠራች ናት። ነገር ግን ቶዮታ በእኛ አገር የተከበረው በየከተማው በሚገኘው መለዋወጫና ሞተሩን በሚያውቀው መካኒክ ጭምር ስለሆነ፣ እነዚህ ሁለቱ አብረዋት እስካልመጡ ድረስ ለስሙ ተብሎ የሚጠየቀው ተጨማሪ ብር ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

የቶዮታ ስም በአካባቢያችን እንዴት እንደተገነባ ማስታወስ ያስፈልጋል። ኮሮላ እ.ኤ.አ. በ1966 (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ሃይኤስ በ1967፣ ሃይሉክስ ደግሞ በ1968 ለገበያ ቀረቡ። ከእነዚህ መኪኖች የተወለዱት ዲኤክስ፣ ዶልፊንና ፒካፕ ለብዙ ቤተሰብ የእንጀራ ገመድ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው 70 ተከታታይ ላንድክሩዘር፣ በተለይም በ1990 የመጣውን ዋን ኤች ዜድ ሞተር የያዘው፣ ለሰሜኑ መንገድ የተፈጠረ ይመስላል። ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሲሆን አየር የሚገፋለት ቱርቦም ሆነ ኮምፒውተር የለውም። ወደ መተማ ቆላ ወርዶ፣ ወይም የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ጨርሶ አንድ ነገር ቢበላሽበት፣ ፖምፓውንና ኖዝሉን የሚያውቅ መካኒክ በቁልፍና በትዕግሥት ያስነሣዋል። ሃይኤስ ላይ የተገጠመውን 5ኤል ሞተር ማውረድና መልሶ መግጠም የማይችል የጋራዥ ሠራተኛ ጎንደር ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። ባለቤቱ ለዓመታት ሠርቶበት ሲሸጠውም፣ ያወጣውን ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ያገኛል፤ ከዚያም በላይ የሚያገኝበት ጊዜ አለ።

ከተከራካሪዎቹ መካከል የቶዮታን ክብር ከቪ8፣ ማለትም ከባለ ስምንት ሲሊንደሩ ላንድክሩዘር ጋር የሚያያይዙት ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ላንድክሩዘር 200 በአገራችን የባለሥልጣንና የባለሀብት መኪና ሆኖ ስለታየ፣ ኩባንያው በ2021 ባወጣው ላንድክሩዘር 300 ባለ ስምንት ሲሊንደሩን ሞተር ትቶ ወደ ባለ ስድስት መሄዱን እንደ ውርደት የሚቆጥሩት አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ቪ8 ቶዮታን አስፈሪ አደረገው እንጂ ታማኝ አላደረገውም። እምነቱን ያመጡት ከአውቶፓርኮ ሌሊት ተነሥተው ሰው ሲያመላልሱ የኖሩት ሚኒባሶች ናቸው።

የኩባንያውን አካሄድ በሚመለከት የቀድሞው ፕሬዚዳንት አኪዮ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2023 ድረስ ሲመሩት የያዙት አቋም ግልጽ ነበር። ሁሉም አገር በአንድ ጊዜ ወደ ባትሪ መኪና ሊሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ሃይብሪድ (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሄድ)፣ ሃይድሮጂን፣ ቤንዚንና ባትሪ ጎን ለጎን ቀርበው ደንበኛው ይምረጥ የሚል ነው። ቶዮታ ሃይብሪዷን ፕሪየስን በ1997፣ በሃይድሮጂን የምትሄደውን ሚራይን ደግሞ በ2014 ያወጣ ኩባንያ በመሆኑ፣ ይህን ሲል ባዶ እጁን አልነበረም። ለአንድ ሙሉ የኤሌክትሪክ መኪና የሚውለው የባትሪ ማዕድን ለስድስት በሶኬት ለሚሞሉ ሃይብሪዶች፣ ወይም ለ90 ተራ ሃይብሪዶች ይበቃል የሚለው የኩባንያው ስሌትም ሊናቅ የሚገባው አይደለም። በሌላ በኩል በታኅሣሥ 2021 አኪዮ ቶዮዳ ብዙ አዳዲስ የኤሌክትሪክ ሞዴሎችን በአንድ መድረክ አሰልፈው፣ እስከ 2030 ድረስ 30 ዓይነት እንደሚያወጡና በዓመት 3.5 ሚሊዮን እንደሚሸጡ አስታውቀው ነበር። ነቃፊዎቹ ይህን የዘገየ ሰው ሩጫ ነው ይላሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ ቶዮታ ከ2020 ጀምሮ ከዓለም አንደኛ ሻጭ ሆኖ መቆየቱን በማንሣት፣ የኩባንያው ጥንቃቄ ትክክል ነበር ብለው ይከራከራሉ።

ይህ ክርክር ቶኪዮ ላይ ሚዛን ሊደፋ ይችል ይሆናል፤ ጎንደር ላይ ግን መሠረቱ የተለየ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ፣ የባትሪ መኪና በድንጋይ ከሰል ኃይል ይሞላል የሚለው ተቃውሞ እዚህ አይሠራም። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም በመስከረም 2025 ተመርቋል። ከዚያም በፊት፣ በጥር 2024፣ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወቃል። ደንበኛው ይምረጥ የሚለው መርሕ መልካም ሆኖ ሳለ፣ አዲስ መኪና የሚገዛ ኢትዮጵያዊ ከቶዮታ ዝርዝር ውስጥ የሚመርጠው በጣም ጥቂት ነው። በሌላው ዓለም ሃይብሪድን ተማምኖ ቆይቶ የነበረው ኩባንያ፣ በአዲስ መኪና በኩል እዚህ ጠንካራ እጁ ታስሮበታል።

አሁን ወደ መኪናዋ ልግባ። ቢዜድ ፎር ኤክስ በ2022 ለሽያጭ የቀረበች፣ 4.69 ሜትር የምትረዝም፣ ከሱባሩ ሶልቴራ ጋር አንድ አካል የምትጋራ መኪና ናት። መጀመሪያ ለአውሮፓ የተሠራው ዓይነት 71.4 ኪሎዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው ኃይል መለኪያ)፣ በቻይና የሚሠራው ረጅም ርቀት የሚሄደው ዓይነት ደግሞ 66.7 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ አለው። የፊት ጎማ የሚነዳው ሞተር 150 ኪሎዋት፣ ማለትም 204 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ስለሆነ ይህ ቁጥር እዚህ ልዩ ትርጉም አለው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ በእኛ ከተማ አምስተኛውን ያህል አጥቶ ነው የሚሠራው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ የሚያጣው ነገር የለም። ከፒያሳ ወደ ጎሃ የሚወጣውን ዳገት አምስት ሰው ጭና ስትወጣው ማርሽ መቀነስ፣ ጭስ ማጨስ፣ ማቃሰት የሚባል ነገር የለባትም። መሪዋ ቀላል ነው፤ በኮብልስቶኑ ላይም ስትሄድ የዳሽቦርዷ ፕላስቲክ አይንቀጫቀጭም፤ የኋላ መቀመጫዋ ለረጅም ሰው እንኳ ሰፊ ነው።

ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ግን ከሁሉ የተሻለ መፈተኛ ነው። ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ከ700 ሜትር በላይ ይወጣል። ተሳፋሪ የያዘች፣ 2,200 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያስፈልጋታል። ለተለመደው የጉዞ ፍጆታ ይህ ሲደመርበት፣ ደባርቅ ስትደርሱ ከባትሪው ሲሶ ያህሉ ሄዷል ማለት ነው። በመልሱ ጉዞ ደስ የሚለው ነገር ይመጣል፤ ቁልቁለቱን ስትወርድ ሞተሯ ራሱ እየያዘ ኃይል ወደ ባትሪው ስለሚመልስ ፍሬኑ ብዙም አይነካም፣ የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታም የለም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት የሚያውቅ አሽከርካሪ ለዚህ ዋጋ ሊተምንለት ይቸገራል። ባሕር ዳርም 180 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ ከባትሪው ግማሽ ገደማ ይበቃል።

ጉድለቶቿ ግን ለቶዮታ የማይመጥኑ ናቸው። ከአሽከርካሪው ጎን ከሚቀመጠው ሰው ፊት ሊኖር የሚገባው የዕቃ ሣጥን የለም፤ ሊብሬና ቦሎ ይዞ ለሚንቀሳቀስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የፍጥነት ማሳያው ራቅ ብሎ ስለተቀመጠ፣ አንዳንዱ አሽከርካሪ መሪውን ለራሱ ቁመት ሲያስተካክል ማሳያው ይሸፈንበታል። ለቻይና ገበያ ተሠርተው በአስመጪ በኩል የሚገቡት መኪኖች ስክሪን ደግሞ በቻይንኛ የሚናገር በመሆኑ፣ ባለቤቱ ቦታውን በቃሉ ይዞ ይጠቀማል። ከሁሉ የከፋው ግን በሰኔ 2022 የሆነው ነው። መኪናዋ ለገበያ በቀረበች በጥቂት ወራት ውስጥ፣ የቸርኬው ቡሎኖች ላልተው ጎማው ሊወልቅ ይችላል በሚል ምክንያት ቶዮታ 2,700 ያህል የተሸጡ መኪኖችን ከተለያዩ አገሮች መልሶ ጠራ። ችግሩ በዚያው ዓመት መፍትሔ አግኝቷል፤ ኩባንያውም ለደንበኞቹ መኪናቸውን መልሶ እስከ መግዛት ድረስ ሄዷል። ይሁንና ቶዮታ ማለት ቡሎኑ የማይላላ መኪና ማለት ነው ብሎ ላደገ ትውልድ፣ የመጀመሪያዋ ትልቅ የባትሪ መኪናው በቡሎን ምክንያት ተመልሳ መጠራቷ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ሰሞኑን በአንድ ጋራዥ አንዲት ቢዜድ ፎር ኤክስ ኮፈኗ ተከፍቶ አየሁ። አንድ ለማጅ ወፍራሞቹን ብርቱካናማ ኬብሎች እያየ “ጋሼ፣ ይኼንስ ማን ነው የሚፈታው?” ብሎ ጠየቀ። በናፍጣ ሞተር ላይ የሸበቱት ባለሙያ “ልጄ፣ ብርቱካኑን እኔ አልነካም፤ አንተም እንዳትነካ” አሉት። ትክክል ናቸው። ያ ቀለም በሁሉም አምራቾች ዘንድ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበትን ኬብል የሚያሳይ ምልክት ነው፤ ያልሠለጠነ እጅ ሕይወት ያስከፍላል። ባለሙያው 12 ቮልቱን ትንሹን ባትሪ፣ ጎማውን፣ የፊት እግሩን ኩሽኔታ ይሠራሉ። ከዚያ ያለፈው ሥልጠና፣ መመርመሪያ መሣሪያና ከአምራቹ የሚገኝ መረጃ ይጠይቃል። ቶዮታ ለዘመናት ያለ ምንም ክፍያ ሲያስተዋውቁለት የኖሩት እነዚህ ባለሙያዎች ናቸው፤ አዲሷ መኪና ደግሞ እነርሱን ከጨዋታ አስወጥታቸዋለች።

የቤት ውስጥ አሞላልንም በሚመለከት ገዢው አስቀድሞ ማስላት አለበት። 10 አምፔር ከሚሰጥ ተራ ሶኬት 66.7 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪን ከባዶ ለመሙላት 30 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 32 አምፔር የሚሸከም መስመር ካለ ግን በ10 ሰዓት ያህል ይሞላል። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህ ልዩነት ሌሊቱን ሙሉ ያሳስበዋል። ቢሆንም ለቤንዚን ተሰልፎ መዋልን፣ ወይም በጥቁር ገበያ በፕላስቲክ ጠርሙስ መግዛትን ለሚያውቅ ጎንደሬ፣ ይህ የሚመረጥ ችግር ነው።

ከቢዋይዲ ጋር ያለው ንጽጽር ክርክሩን ያከረዋል። ቢዋይዲ በ1995 በባትሪ ሥራ ጀምሮ በ2003 ወደ መኪና የገባ፣ በመጋቢት 2022 ደግሞ በቤንዚን ብቻ የሚሠሩ መኪኖችን ማምረት ያቆመ የቻይና ኩባንያ ነው። ቶዮታ ራሱ ለቻይና ገበያ ያዘጋጃት ቢዜድ ስሪ በቢዋይዲ ባትሪ የምትሄድ በመሆኗ፣ ወጣቶቹ “ታዲያ ለምን ከባለቤቱ አንገዛም?” ይላሉ። ቶዮታ በ2025 በቻይና ያወጣት ቢዜድ ስሪ ኤክስ ከ109,800 ዩዋን ጀምሮ መሸጧ፣ ኩባንያው በርካሽ ዋጋ መፎካከር እንደሚችል ያሳያል። እኔ የወጣቶቹን ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው እላለሁ። የቶዮታ የስብሰባ ጥራት፣ የበሩ አዘጋግና የመቀመጫው አሠራር አሁንም ከብዙዎቹ ይበልጣል፤ ነገር ግን ባትሪው ሲታመም ሁለቱም መኪኖች እኩል ከጎንደር ውጭ ሐኪም ፍለጋ የሚሄዱ ከሆነ፣ ለአርማው የሚከፈለው ልዩነት ምክንያቱ ይጠፋል።

ስለዚህ በግቢው ውስጥ ጠንካራ የመብራት መስመር ላለው፣ በከተማና በባሕር ዳር መካከል ለሚመላለስ ቤተሰብ ቢዜድ ፎር ኤክስን ያለ ፍርሃት እመክራለሁ፤ ዋጋዋም ከቢዋይዲ እኩያዋ እምብዛም ካልራቀ ይግዛት። ለመተማና ለጭልጋ መንገድ፣ ወይም ቱሪስት ይዞ ወደ ስሜን ተራሮች ለሚወጣ ሰው ግን አሮጌው ባለ ዋን ኤች ዜድ ላንድክሩዘር በእጁ ካለ አይሽጠው። ለመግዛት የወሰነ ሰውም ከአስመጪው ጋር ሲዋዋል የባትሪው ዋስትና በማን ስም፣ ለስንት ዓመት፣ በየትኛው ከተማ እንደሚፈጸም በጽሑፍ ያስገባ፤ ይህን በወረቀት የማያሰፍር ሻጭ ካጋጠመው ቀብዱን ሳይከፍል ይመለስ።