ማሞቂያውን ከመክፈታቸው በፊት እናቴን ለጠየቁ ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ምስጋናዬን በአደባባይ ለመግለጽና ቤታቸውን በጋዝ ማሞቂያ፣ ብዙዎቻችን ፈርነስ በምንለው መሣሪያ፣ የሚያሞቁ ሰዎች እኛ የደረሰብን እንዳይደርስባቸው ለማሳሰብ ነው። የማመሰግናቸው ሰው ስማቸው እንዳይጠቀስ አጥብቀው ስለጠየቁኝ «ባለሙያው» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ማሞቂያችን መቆራረጥ የጀመረው ባለፈው የብርድ ወቅት ነው። ይነሳል፣ ጥቂት ይሠራል፣ ከዚያ ድርግም ይላል። መጀመሪያ የመጣው ጠጋኝ አንድ ዕቃ ቀይሮ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ፤ በሦስተኛው ቀን ማሞቂያው ወደ ጥንት ጠባዩ ተመለሰ። ሁለተኛው ደግሞ አንዲት ክፍል እንኳን ሳይለካ «ይህ አንሷችኋል፣ ከዚህ በጣም የሚበልጥ ግዙ» አለኝ፤ ምክንያቱን ብጠይቀው እንደ ተሰደበ ሰው አኮረፈ። ሦስተኛው ግማሽ ሰዓት እንኳን ሳይሞላው ጨርሶ ወጣ፤ ከዚያን ቀን በኋላም ማሞቂያው አንድም ጊዜ አልጠፋም። እኔም በሩ ድረስ ሸኝቼ መረቅሁት። ያንን ምርቃት ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እናቴ ጠዋት ጠዋት ራሷን ማመም የጀመራት ከዚያ ወዲህ ነው። ያቅለሸልሻታል፣ ያዞራታል፤ ትኩሳት ግን የላትም። እኛም ዕድሜ ነው፣ ደም ግፊት ነው እያልን ከረምን። ማሞቂያው በበኩሉ ሲቀጣጠል የሚያሰማው ዱብ የሚል ድምፅ እየጎላ ስለመጣ፣ አንድ ወዳጄ ወደ ጠቆመኝ ወደ እኒህ ባለሙያ ደወልኩ። በዚያን ጊዜ በልቤ የነበረው የድምፁ ነገር ብቻ ነበር።

ባለሙያው ገብተው የመሣሪያ ሣጥናቸውን መሬት አስቀመጡ፤ ሳይከፍቱት ግን ሶፋው ላይ ጋደም ወዳለችው እናቴ ዞሩና «እማማ፣ ራስዎን ያምዎታል እንዴ?» ብለው ጠየቋት። «አዎ ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ይከብደኛል» አለች። «ከቤት ሲወጡስ?» አሏት። እናቴ ትንሽ አሰበችና «ስወጣ ይተወኛል» አለች። ከእኔ ጀምሮ ማንም ይህን ጥያቄ ጠይቋት አያውቅም ነበር። የሰውዬው ፊት ወዲያው ተለወጠ። በእጃቸው መዳፍ የምትያዝ መለኪያ አወጡ፤ መለኪያዋ ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ሳይደርሱ መጮህ ጀመረች። ጋዙን ዘጉ፣ በርና መስኮቱን አስከፈቱ፣ ሁላችንንም ወደ ውጭ አስወጡን፣ እናቴን አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰዷት አሉ። በደም ምርመራው ካርቦን ሞኖክሳይድ ተገኘባትና ኦክሲጅን ተሰጣት። ሐኪሙ እንዳስረዳን ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይልም ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበረታል።

በማግስቱ ባለሙያው የደረሱበትን በዓይኔ አሳዩኝ። እሳቱ የሚነድበትን ክፍል ቤት ውስጥ ከሚነፍሰው አየር የሚለየው ብረት ተሰንጥቋል። ሰማያዊ መሆን የነበረበት ነበልባል ቢጫ ሆኖ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ማሞቂያው ድርግም ይል የነበረውም ነበልባሉ ሲያፈተልክ የሚያጠፋው የደህንነት ስዊች ስለነበረው ነው። ሦስተኛው ጠጋኝ ያደረገው «ጥገና» የዚያን ስዊች ሁለት ጫፎች በቁራጭ ሽቦ ማገናኘት ነበር። ባለሙያው ሽቦዋን ነቅለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝና «ይህች ስዊች ልታድናችሁ ነበር የምታጠፋው፤ አፏን ለጎሟት» አሉኝ። ያን ሽቦ አልጣልኩትም።

የእኔንም ጥፋት አልሸፋፈኑልኝም። የአየር ማስገቢያውን በካርቶን ደርድሬ ዘግቼዋለሁ፤ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ መቀየር ያለበትን ማጣሪያም ዓመት ሙሉ አልነካሁትም።

አዲሱን ማሞቂያ ለመትከል ሙሉ ቀን ፈጀባቸው። አስቀድመው ክፍሎቹን፣ መስኮቶቹንና የጣሪያውን ሽፋን ለክተው አስልተው ከቀድሞው አነስ ያለ አስመረጡን፤ ለቤቱ የበዛ ማሞቂያ ቶሎ ቶሎ እየተነሳና እየጠፋ ራሱን ይጨርሳል አሉ። የጭስ መውጫው ቧንቧ ከማሽኑ እየራቀ ሲሄድ በየሜትሩ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ማለቱን በውኃ ልክ አረጋገጡ። በእያንዳንዱ የጋዝ መጋጠሚያ ላይ የሳሙና አረፋ ቀብተው አረፋው አለመንፋቱን እኔን ጠርተው አሳዩኝ። ስለ ጋዝ ግፊት የነገሩኝን ግማሹን አልተረዳሁትም፤ ነገር ግን ለክተው፣ አስተካክለው፣ ደግመው ለክተው፣ ቁጥሩን በማሽኑ በር ውስጠኛ ክፍል ላይ ጽፈው ሄደዋል። ከእሳቸው በፊት በመጡት በሦስቱም እጅ መለኪያ አይቼ አላውቅም።

በየፎቁና ከመኝታ ክፍሎቹ ደጃፍ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ እንድንሰቅል አደረጉ፤ የሚያበቃበትን ቀንም በትልቅ ጽሑፍ ላዩ ላይ ጻፉልን። የጋዙ ሽታ ግን ሌላ ጉዳይ መሆኑን ለልጆቹ ሳይቀር አስረዱ። የበሰበሰ ዕንቁላል የመሰለው ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው፤ ከሸተተ መብራት ሳይበራም ሳይጠፋም ወጥቶ ከውጭ ሆኖ መደወል ነው።

በሦስተኛው ቀን ማምሻውን ማንም ሳይጠራቸው ተመልሰው መጡ። በቀጥታ ወደ እናቴ መኝታ ክፍል ገብተው መለኪያዋን ከራስጌዋ አስቀመጡና «እማማ፣ ይመልከቱ፣ ዜሮ ነው» አሏት። እናቴም መነጽሯን አድርጋ አየችና «ዜሮ ደስ ሲያሰኝ ያየሁት ዛሬ ገና ነው» ብላ አሳቀችን። ለዚያ ምሽት ድካማቸው ልከፍላቸው ብል እሺ አላሉኝም።

ወገኖቼ፣ እኒህን ሰው ጥሩ፤ ደግሜ እላለሁ፣ እኒህን ሰው ጥሩ። እሳቸው ካልተመቿችሁም ማሞቂያችሁን የሚነካ ማንኛውም ሰው የሥራ ፈቃዱን እንዲያሳይ፣ ከመሄዱም በፊት ምን ለክቶ ምን እንዳገኘ እንዲነግራችሁ ጠይቁት፤ በዚህ የሚቆጣውን በትሕትና ሸኙት። የባለሙያውን ስልክ በግል ለሚጠይቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ብርዱ ከገባ በኋላ ፋታ ስለማይኖራቸው የዓመቱን ምርመራ ለማስያዝ ከወዲሁ ብትደውሉ ይሻላል።