ዴቭ-ሲ++ 5.11፦ ለመጀመሪያው የፕሮግራሚንግ ኮርስ ምን ያህል ያስኬዳል?

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ መግቢያ የሚወስድ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በሲ++ ነው። ቋንቋውን መምህሩ ያስተምራል፤ ኮዱ የሚጻፍበትን ሶፍትዌር ግን ተማሪው ከጓደኛው ፍላሽ እንዳገኘው ይጭነዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተማሪን የሚያስመርረው ብዙ ጊዜ ከቋንቋው ይልቅ ይኸው ሶፍትዌር ነው። በትክክል የተጻፈ ኮድ አልሠራም ሲል ጀማሪው ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል፤ "እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም" ብሎም ተስፋ ይቆርጣል። ስለዚህ ጉዳዩ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ፍርዳችንን እናስቀድም። አሮጌ ላፕቶፕ ላለው፣ ኢንተርኔት በካርድ እየሞላ ለሚጠቀም ወይም በላብ ኮምፒውተር ብቻ ለሚሠራ ጀማሪ፣ ዴቭ-ሲ++ 5.11 የተባለው የኮድ መጻፊያ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ከሁሉም የተሻለ ምርጫ ነው። ግን እንደተጫነ መጠቀም አይገባም፤ ከመጀመሪያው ኮድ በፊት ጥቂት ነገሮች መስተካከል አለባቸው።

ጥቅሙ ከመጠኑ ይጀምራል። መጫኛው 48 ሜጋ ባይት አካባቢ ነው፤ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለርም አብሮት ውስጡ አለ። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ 2 ጊጋ ባይት ራም ባለው ማሽን ላይም ሳይጨናነቅ ይሠራል። ሲወርድ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በማውረጃው ገጽ ላይ ኮምፓይለር የሌለው ትንሽ መጫኛም ስላለ፣ ዳታ ልቆጥብ ብሎ እሱን ያወረደ ተማሪ መጻፊያውን ብቻ ይዞ ይቀራል። በስሙ ላይ የኮምፓይለሩ መጠሪያ የሆነው "ቲዲኤም ጂሲሲ 4.9.2" ያለበትን ውሰዱ። የላብ ኮምፒውተሩ ሶፍትዌር ለመጫን የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ የሚነሳ ዓይነትም አለው።

ሌሎቹስ? ቱርቦ ሲ++ን እርሱት። ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ዘመን የተሠራ ነው፤ የሚያስተምረው አጻጻፍም ዛሬ የትም አይሠራም። የድሮ ሀንድአውት ላይ "አዮስትሪም ነጥብ ኤች" ወይም "ቮይድ ሜይን" የሚል ካያችሁ የሱ ቅሪት መሆኑን እወቁ፤ የመጀመሪያውን ያለ "ነጥብ ኤች"፣ ሁለተኛውን "ኢንት ሜይን" ብላችሁ ጻፉት። ኮድ ብሎክስ 20.03 ጥሩ ሶፍትዌር ነው፤ ኮምፓይለር ያለበት መጫኛው ግን ከ140 ሜጋ ባይት በላይ ነው፣ እዚያም ኮምፓይለር የሌለውን አውርዶ መቸገር የተለመደ ነው። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ለሥራ ዓለም የሚሆን ነው፤ ኮምፓይለር የለውም፣ ለብቻው አውርዶ መጫንና አድራሻውን ለዊንዶውስ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ በአንድሮይድ ስልኩ ሲ-ኤክስ-ኤክስ-ድሮይድን መጠቀም ይችላል፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ በስልኩ ላይ 200 ሜጋ ባይት ያህል ነጻ ቦታ ቢኖር ይመረጣል። ማታ ማታ ለመለማመድ በቂ ነው። የዊንዶውስ ብቻ የሆኑት፣ ለምሳሌ ስክሪን የሚያጸዳውና "ፖዝ" የሚያደርገው ትእዛዝ፣ ስልክ ላይ አይሠሩም።

አሁን ወደ ማስተካከያው። "ቱልስ" ከሚለው ሜኑ "ኮምፓይለር ኦፕሽንስ"ን፣ ከዚያ "ሴቲንግስ"ን ክፈቱ። "ኮድ ጀነሬሽን" ሥር "ላንጉጅ ስታንዳርድ" የሚለውን ወደ ሲ++11 (የቋንቋው የ2011 እ.ኤ.አ. ሕግ) ቀይሩት። ምክንያቱ ይህ ነው፦ 5.11 የወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ሲሆን የያዘው ጂሲሲ 4.9.2 ካልተነገረው በቀር ኮዱን የሚያነበው በ1998 እ.ኤ.አ. ሕግ ነው። ከዩቲዩብ የተማራችሁትን "አውቶ" የሚል ቃል ስትጽፉ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ቀጥሎ "ዋርኒንግስ" ሥር "ሾው ሞስት ዋርኒንግስ"ን "የስ" በሉት። ይህቺ አንዲት ምርጫ ብዙ ሰዓት ታተርፋለች፤ "ኢፍ" ቅንፍ ውስጥ በ"==" ፈንታ "=" ከጻፋችሁ ኮምፓይለሩ ዝም ብሎ ከማለፍ ይልቅ ያስጠነቅቃችኋል። ሦስተኛው "ሊንከር" ሥር ያለው "ጀነሬት ዲበጊንግ ኢንፎርሜሽን" ነው፤ እሱም "የስ" ይሁን፣ አለበለዚያ ኮዱን መስመር በመስመር እያስኬዱ ማየት አይቻልም።

መብራት በድንገት ለሚሄድበት አካባቢ አራተኛም አለ። ከ"ቱልስ" ሜኑ "ኤዲተር ኦፕሽንስ" ውስጥ "አውቶሴቭ" የሚል ገጽ አለ፤ አብሩትና በየጥቂት ደቂቃው እንዲያስቀምጥ አድርጉት። ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ወይም በላብ ዴስክቶፕ ለሚሠራ ሰው ይህ ከሦስቱም በላይ ነው።

ለመጀመሪያ ልምምድ "ፕሮጀክት" አትክፈቱ። ኮንትሮልና ኤን ተጭናችሁ "ሶርስ ፋይል" ብቻ ክፈቱ። በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ሁለት መልመጃ የከተተ ተማሪ ሁለት "ሜይን" ስለሚኖረው "መልቲፕል ዴፊኒሽን" የሚል ስህተት ይወጣበታል፤ እያንዳንዱ ኮድ ለብቻው ትክክል ስለሆነ ጥፋቱን ፈልጎ አያገኘውም። ስታስቀምጡ መጨረሻው "ነጥብ ሲፒፒ" መሆኑን አረጋግጡ፤ "ነጥብ ሲ" ብቻ ከሆነ ኮምፓይለሩ ኮዱን የሲ ቋንቋ ነው ብሎ አዮስትሪምን አላውቅም ይላል። ፎልደሩን በአማርኛ ፊደል አትሰይሙ፣ "ፕሮግራም ፋይልስ" ውስጥም አታስቀምጡ፤ በዲ ድራይቭ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል አጭር ስም ያለው ፎልደር ይበቃል።

ኤፍ 9 ኮምፓይል ያደርጋል፣ ኤፍ 10 ያስኬዳል፣ ኤፍ 11 ሁለቱንም በአንዴ። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ግን እነዚህ ቁልፎች የድምፅና የብርሃን ሥራ ስላላቸው "ኤፍኤን"ን አብሮ መጫን ያስፈልጋል። ኮዱን ቀይራችሁ ኤፍ 10ን ብቻ ከተጫናችሁ የሚሠራው የድሮው ነው፤ "ቀየርኩት፣ ግን ያው ነው" የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ኤፍ 11ን ልማድ አድርጉ።

የዋሸራ የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል እንጂ በመጀመሪያው ቀን መወድስ ልቁጠር ብሎ አይነሳም። እዚህም ሁለት ሦስት መስመር ጽፎ ኤፍ 11፣ ሌላ ሁለት መስመር ጨምሮ ኤፍ 11 ነው አካሄዱ። ስድሳ መስመር በአንዴ ጽፎ ኮምፓይል ያደረገ ሰው ሠላሳ ስህተት ይቆጥራል፤ ከሠላሳው ብዙዎቹ የአንዱ ጥፋት ልጆች ናቸው። ሁልጊዜ የላይኛውን ብቻ አርማችሁ እንደገና ሞክሩ። የሰሚኮሎን መረሳት ደግሞ የሚጠቆመው በቀጣዩ መስመር ላይ ነው፤ ኮምፓይለሩ ዓረፍተ ነገሩ አለማለቁን የሚያውቀው ቀጣዩን ቃል ሲያነብ ነውና። የተጠቆመው መስመር ንጹህ ከመሰላችሁ አንድ ወደ ላይ ውጡ።

ከሁሉም በላይ ጀማሪን የሚያንገላታው ግን ከቴሌግራም፣ ከወርድ ወይም ከፒዲኤፍ ሀንድአውት የተገለበጠ ኮድ ነው። ወርድ ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት ወደ ተጠማዘዘ ይቀይረዋል፤ ለዓይን ይመሳሰላል፣ ለኮምፓይለሩ ግን የማያውቀው ባዕድ ምልክት ነው። ዴቭ-ሲ++ 5.11 ይህን "ስትሬይ 223" እና "ስትሬይ 224" ብሎ ነው የሚናገረው፤ 223 መክፈቻው፣ 224 መዝጊያው ነው። "ስትሬይ 226" ካለ የመቀነስ ምልክቱ ረዥም ሰረዝ ሆኗል። "ስትሬይ 240" ካለ ደግሞ ባዶ ቦታ የሚመስለው ባዶ ቦታ አይደለም፤ መስመሩን አጥፍቶ በእጅ መጻፍ ነው። ሌላው የእኛው ኪቦርድ ነው። የአማርኛው መጻፊያ እንደበራ ሰሚኮሎን የተጫነ ተማሪ ድርብ ሰረዝ ይጽፋል። 5.11 ዩኒኮድን (የዓለምን ፊደላት ሁሉ የሚያካትተውን የፊደል ሥርዓት) ስለማይችል የአማርኛው ፊደል በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ይታያል፤ ኮድ ብሎክስ 20.03 ላይ ግን 341፣ 215፣ 244 የሚሉ ሦስት ስህተቶች ተከታትለው ይወጣሉ። ሦስቱም የዚያች የአንዲት "፤" ባይቶች ናቸው።

"ፐርሚሽን ዲናይድ" የሚለውም ያስደነግጣል፣ ግን ቀላል ነው፦ ያለፈው ጊዜ የተከፈተው ጥቁር መስኮት አልተዘጋም። ዝጉትና ድገሙ። "ዊንሜይን" አላገኘሁም ካለ ብዙ ጊዜ "ሜይን" የሚለው ቃል ፊደሉ ተዛብቷል፣ ወይም ጭራሹኑ አልተጻፈም።

ጥቁሩን መስኮት ካነሳን፣ ዴቭ-ሲ++ ፕሮግራሙ ሲያበቃ መስኮቱን ራሱ ስለሚያቆመው "ፖዝ" የሚል ትእዛዝ መጨመር አያስፈልግም። ከታች የሚጽፈው "ሪተርን ቫልዩ" ብዙ ተማሪ የማያየው ሀብት ነው። 0 ከሆነ በሰላም ተጠናቋል። 3221225477 ከሆነ ፕሮግራሙ የራሱ ያልሆነ የሜሞሪ ቦታ ነክቷል፤ በጀማሪ ኮድ ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ ከአሬይ (በአንድ ስም ብዙ ዋጋ ከሚይዝ የቦታዎች ረድፍ) ወሰን ማለፍ ነው፦ አምስት ቦታ ያለው አሬይ ከ0 እስከ 4 ይቆጠራል። 3221225620 በሙሉ ቁጥር ለዜሮ ማካፈል ነው። 3221225725 ራሱን እየጠራ ማቆሚያ ያጣ ፈንክሽን ነው። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ደብተራችሁ ጀርባ ላይ ጻፏቸው።

ሶፍትዌሩ የማያድናችሁ ስህተትም አለ፤ ማስጠንቀቂያውም ዝም ይላል። ሰባት ኩንታል የአዴት ጤፍ ለሁለት ሰው ሲካፈል ሦስት ኩንታል ተኩል ነው፤ 7/2 ብላችሁ ብታሳዩ ግን መልሱ 3 ነው፣ ሃምሳ ኪሎው ጠፍቷል። ሙሉ ቁጥር በሙሉ ቁጥር ሲካፈል ሲ++ ትርፉን ይጥለዋል። መልሱን የሚይዘውን ቫሪያብል "ደብል" (ባለ ነጥብ ቁጥር) ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ማካፈሉ የሚቀድመው ስለሆነ 7.0/2 ብላችሁ ጻፉ። እንዲሁም ከኪቦርድ በሚያነበውና ቁጥር በሚጠብቅ "ሲን" ላይ ተጠቃሚው ፊደል ካስገባ ንባቡ ይከሽፋል፣ በሉፕ ውስጥ ከሆነም ፕሮግራሙ ማቆሚያ ያጣል። ከ"ሲን" በኋላ ሙሉ ስም በ"ጌትላይን" ስታነቡ ስሙ ከተዘለለባችሁ የ"ኢንተር" ምልክቱ ስለቀረ ነው፤ በመሃሉ "ሲን ኢግኖር" ጨምሩ።

የዚህ ሶፍትዌር ድካም ግልጽ ነው። ኮምፓይለሩ አርጅቷል፤ ኮዱን መስመር በመስመር የሚያስኬደው ዲበገሩ አንዳንዴ የቫሪያብሉን ዋጋ ማሳየት ያቅተዋል፤ አማርኛ አይችልም፤ ጥራቱ ከፍ ባለ ስክሪን ላይ ጽሑፉ ያንሳል። ኢምባርካዴሮ የተባለው ኩባንያ በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው 6.3 ከጂሲሲ 9.2 ጋር ስለሚመጣ ዋይፋይ ያገኘ ሰው እሱን ቢጭን የተሻለ ነው፤ የቁልፎቹም ሆነ የሜኑው ቦታ ያው ስለሆነ ከላይ ያለው ማስተካከያ አይጠፋችሁም።

ፍላሽን በተመለከተ፦ በላብ ኮምፒውተሮች መካከል የሚዞር ፍላሽ ፎልደሮችን ወደ ሾርትከት የሚቀይረውን ቫይረስ መያዙ አይቀርም። መያዝ ያለባችሁ የሲፒፒውን ፋይል ብቻ ነው፤ ጥቂት ኪሎ ባይት ስለሆነ በቴሌግራም "ሴቭድ ሜሴጅስ" ላይ ለራሳችሁ ላኩት። ሲላክ ፋይል ሆኖ ይላክ እንጂ ኮዱ እንደ መልእክት አይለጠፍ፤ ጥቅሱና ባዶ ቦታው የሚበላሸው እዚያ ነው። ኮምፓይል ሲደረግ የሚፈጠረውን የ"ኤግዚ" ፋይል ተዉት፣ ኤፍ 11 ሲጫኑ እንደገና ይፈጠራል።

ዳታ ስትራክቸር የሚባለው ኮርስ ሲመጣና አንድ ፕሮግራም በአራት አምስት ፋይል ሲከፈል ወደ ኮድ ብሎክስ ወይም ወደ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ተሻገሩ። የጻፋችኋቸው የሲፒፒ ፋይሎች ሁሉ እዚያም ይከፈታሉ።