የሰማይ ምልከታን ለመመዝገብ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

የሰማይን ካርታ የሚያሳየው ስቴላሪየም ነፃ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ጮቄ ተራራ ላይም አያስቸግርም። ቦታ ሲሞሉ ለደብረ ማርቆስ 10.3 ዲግሪ ሰሜን፣ 37.7 ዲግሪ ምሥራቅ ያስገቡ። ኮንትሮልና ኤን አንድ ላይ ሲጫኑ ስክሪኑ ቀይ ይሆናል፤ ጨለማ የለመደ ዓይን አይረበሽም። በውስጡ ያለው የምልከታ ዝርዝር ግን ሊያዩ ያሰቡትን ለማቀድ እንጂ ያዩትን ለመጻፍ አይመችም፤ ለአይፒስም (የቴሌስኮፑ የዓይን ሌንስ) ሆነ ለአየሩ ሁኔታ የተለየ ቦታ የለውም። ስካይሳፋሪ ፕላስ በስልክ ምልከታ ይመዘግባል፣ በክፍያ ነው እንጂ።

ብዙ መዝገብ የሚበላሸው በሰዓት ነው። ሶፍትዌሮቹ የሚያስቡት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት (በፈረንጅ 2፡00) ያዩት፣ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ባለው በዓለም አቀፍ ሰዓት (ዩቲሲ) 23፡00 ይሆናል፣ የፈረንጁ ቀንም አንድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ ከተዛባ የጁፒተር ጨረቃዎች ማስታወሻ ከንቱ ነው፤ ከእነሱ አንዷ አዮ በአንድ ሌሊት ውስጥ ቦታዋን ስትቀይር በግልጽ ትታያለች።

ስለዚህ ለማቀድ ስቴላሪየምን፣ ለመመዝገብ ነፃውን የሠንጠረዥ ፕሮግራም ሊብሬኦፊስ ካልክን እንመርጣለን። ዓምዶቹ ቀን፣ ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ የታየው አካል፣ አይፒስ በሚሊሜትር፣ የአየሩ ሁኔታና መግለጫ ይሁኑ። ፋይሉን በሲኤስቪ (ሠንጠረዥን በተራ ጽሑፍ የሚያስቀምጥ ቅርጽ) ያስቀምጡት፤ ነገ ሌላ ፕሮግራም ቢቀይሩም ይከፈታል። አማርኛው እንዳይበላሽ ሲያስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን የፊደላት ኮድ ይምረጡ።