የስፖርት ስም በተለመደው ጨዋታና በብሎክቼይን ጨዋታ፦ ንጽጽር

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ፕሌስቴሽን ቤት፣ የጆይስቲኩ ላስቲክ በልጆች አውራ ጣት ተልጦ ባለቀበት፣ ጨዋታው እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከፊፋ ስም ተላቆ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ቢባልም ተጫዋቾቹ ዛሬም «ፊፋ እንጫወት» ነው የሚባባሉት። የተለመደው የስም ፈቃድ (የስፖርት ድርጅት ስሙን ለጨዋታ አምራች የሚፈቅድበት ውል) ጥንካሬ እዚህ ላይ ይታያል፤ ውሉ ቢቋረጥም ቀድሞ የተገዛው ዲስክ መሥራቱን አያቆምም፣ ተጫዋቹም ከመዝናናት ያለፈ የጠበቀው ነገር የለም።

በብሎክቼይን (በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በጋራ በሚያዝ ዲጂታል መዝገብ) ላይ የሚሠራ ጨዋታ ፈቃድ ግን ባለቤትነትን ቃል ይገባል፤ የተገዛው ዲጂታል ካርድ ወይም መኪና በገዢው ይዞታ ይመዘገባል፣ ሊሸጥም ይችላል፣ ለስፖርቱ ድርጅትም ከዳግም ሽያጩ ድርሻ ሊያስገኝ ይችላል። ሆኖም የፎርሙላ ዋንን ስም ይዞ በ2019 የተጀመረው «ኤፍ ዋን ዴልታ ታይም» አንዲት ዲጂታል መኪና ከ100,000 ዶላር በላይ ከሸጠ በኋላ፣ ፈቃዱ ሳይታደስ ቀርቶ በመጋቢት 2022 ተዘጋ፤ መዝገቡ ቢኖርም መኪናዋ የምትሮጥበት ውድድር ጠፋ (በቅሎዋ ሞታ ኮርቻው እንደተረፈ ማለት ነው)።

በእኔ ሚዛን ለደሴው ልጅ የመጀመሪያው ይሻለዋል። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ክሪፕቶ ገንዘብ (በብሎክቼይን የሚመዘገብ ዲጂታል ገንዘብ) ይጠይቃል፤ ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በ2022 የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑን አሳስቧል።